ኮንቴንት ሲረክስ ምን ይወደዳል?

ባለፈው እሁድ ዶሮ ወጥ ልሠራ ተነስቼ ዩቲዩብ ላይ «የዶሮ ወጥ አሠራር» ብዬ ጻፍኩ። የመጣልኝ ዝርዝር ማለቂያ የለውም። የመጀመሪያውን ከፈትኩ። ሙዚቃ፣ የሚያብረቀርቅ ድስት፣ «ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳትረሱ»። ሁለተኛው ያው ነው። ሦስተኛው ላይ ጭራሽ ሰው የለም። ከየቦታው በተለቀሙ ፎቶዎች ላይ የማሽን ድምፅ ያነባል። የሚጠብቀውን ያላላል፣ የሚላላውን ያጠብቃል።

አምስተኛው ላይ አንዲት እናት አሉ። ምስሉ ደብዛዛ ነው። ስልኩን የያዘችው ልጃቸው ሳትሆን አትቀርም፣ ሳቋ ይሰማል። እናትየው ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ጥደው ያማስላሉ። ድንገት ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ወደ ድስቱ አስጠጉና «ስሚው» አሏት። «አሁን የሚጮኸው ውኃው ነው። ውኃውን ሲጨርስ ድምፁ ይለወጣል። ዘይቱን ያኔ ነው የምትጨምሪው።»

ቁሌት ሲቁላላ እያየሁ ነው ያደግኩት። በጆሮ እንደሚጠበቅ ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

የቀሩት ቪዲዮዎች ውሸት አልነበሩም። መጠኑም ቅደም ተከተሉም ልክ ነው። ግን አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተካዋል። የእኚህ እናት ቢጠፋ የሚተካው የለም። ይህ ማብራሪያ ስለዚህ ልዩነት ነው። ሁሉም ነገር በነፃና በብዛት በሚገኝበት ጊዜ፣ ከአንድ ሰው ብቻ የሚወጣ ሥራ ዋጋውን ከየት ያገኛል? (ከአንድ አዋጅ ቁጥር በስተቀር ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ኮንቴንት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ቃሉ «ይዘት» ማለት ነው፤ በአንድ ዕቃ ውስጥ ያለው ነገር። ዕቃዎቹ እነ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ናቸው። ለዕቃው ባለቤት ስብከትም፣ ዘፈንም፣ የድመት ቪዲዮም እኩል ነው። ሰውን ይዞ ያቆይለት እንጂ። ለዚህ ነው ቃሉ ብዙ ደራሲዎችንና ሙዚቀኞችን የማያስደስታቸው። ሥራቸውን ከሚሞላው ዕቃ አንጻር ብቻ ነው የሚጠራው።

«ልዩ ሥራ» ስል ደግሞ የተራቀቀ ወይም ብዙ ገንዘብ የወጣበት ማለቴ አይደለም። መለያው አንድ ጥያቄ ነው። ሠሪው በሌላ ሰው ቢተካ ሥራው ይለወጣል ወይስ ያው ነው?

ብዛቱን ለማሰብ አንድ ቁጥር ይበቃል። ዩቲዩብ ራሱ ባስታወቀው መሠረት በየደቂቃው ከ500 ሰዓት በላይ ቪዲዮ ይጫንበታል። በቀን ሲሰላ 720 ሺህ ሰዓት ይሆናል። የአንዲት ቀን ጭነት ብቻ ሳይተኙ ቢያዩት 82 ዓመት ይፈጃል። አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን ቢቀመጥ የአንድ ማክሰኞን ቪዲዮ አይጨርስም።

አሜሪካዊው ምሁር ኸርበርት ሳይመን ይህን ገና በ1971፣ ኢንተርኔት በየቤቱ ሳይገባ ነበር የጠቆሙት። መረጃ የሚበላው ነገር አለ አሉ፤ እሱም የሰው ትኩረት ነው። ስለዚህ መረጃ በበዛ ቁጥር ትኩረት ይደኸያል። ዛሬ ሰዎች «የትኩረት ገበያ» ሲሉ መነሻቸው ይህ ሐሳብ ነው። የጠፋው የሚታይ ነገር አይደለም። የሚያይ ዓይን ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ነገር ለምን አንድ ዓይነት ሆነ?

መርካቶ ውስጥ አንድ ሱቅ አዲስ ዓይነት ጫማ አምጥቶ ገበያው ቢደራለት፣ በሳምንቱ ተራው በሙሉ ያንኑ ጫማ ሰቅሎ ታገኙታላችሁ። ኢንተርኔት ላይም እንደዚያው ነው፤ ፍጥነቱ ብቻ ይለያል።

እዚያ ደላላው አልጎሪዝም ነው። አልጎሪዝም ማለት ቀጥሎ ምን እንደሚታያችሁ የሚመርጥ የኮምፒውተር ስሌት ነው። ስሌቱ የሚነሳው ከትናንት ነው። ሰው ምን ነካ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ የቱ ላይ ጥሎ ወጣ? ገና ያልተሠራን ነገር ሰው ይወደዋል ወይ ለማለት መረጃ የለውም። ቪዲዮ ሠሪውም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ትናንት የሠራለትን ይደግማል። ቀይ ቀስት፣ አፉን የከፈተ ፊት፣ «ሰበር!» የሚል ጽሑፍ። ሰዎቹ ሰነፍ ሆነው አይደለም። የሚከፈላቸው ለመመሳሰል ስለሆነ ነው።

በዚህ ላይ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ፣ ማለትም ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ተጨመረ። ጽሑፍ የሚጽፉት እነዚህ ማሽኖች እንዴት እንደሚሠሩ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። «ኢትዮጵያ የአሥራ ሦስት ወር…» ብዬ ባቆም፣ የሚቀጥለውን ቃል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ብዙ ጊዜ ስለሰማችሁት ነው። ማሽኑም የሚያደርገው በመሠረቱ ይህንኑ ነው። እጅግ ብዙ ጽሑፍ አንብቦ፣ ከዚህ ቃል ቀጥሎ የትኛው ሊመጣ ይችላል ብሎ ይገምታል። ካልገፋፉት በቀር ብዙ ሰው የረገጠውን መንገድ ይይዛል። ስለ ቡና ጻፍ ቢባል ጀበና፣ ረከቦት፣ ዕጣንና «አንድነታችን» ይመጣሉ። ስለ ዶሮ ወጥ ቢባልም ድምፁ የሚለወጠው ቁሌት አይመጣም፤ ጥቂት ሰው ብቻ የተናገረው ነገር ነውና።

ሌላም ችግር አለ። በ2024 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ማሽኖች በማሽን ጽሑፍ ላይ ደጋግመው ሲሠለጥኑ ምን እንደሚሆን አሳይቷል። መጀመሪያ የሚጠፋው ብርቅ የሆነው፣ አልፎ አልፎ ብቻ የሚገኘው ነገር ነው። ጠላ የጠመቀ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የመጀመሪያው ጠላ ነው። በዚያው ላይ ውኃ ጨምረው ያወጡት ቅራሪ ነው። እንደገና ቢደግሙት መልኩ ብቻ ይቀራል።

አተላውም አልቀረም። ሜሪየም ዌብስተር የተባለው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የ2025 የዓመቱ ቃል ብሎ የመረጠው «ስሎፕ» የሚለውን ነው። በማሽን በብዛት እየተመረተ ኢንተርኔቱን የሚያጥለቀልቀው ጥራት የለሽ ነገር ማለት ነው። የቃሉ የቆየ ትርጉም ለአሳማ የሚደፋ የምግብ ትራፊ ነው። በእኛ ቋንቋ ከአተላ የቀረበ ቃል አላገኘሁም።

ዋጋው ከየት ይመጣል?

የገበያ ሕጉን ሁላችንም እናውቀዋለን። በቀላሉ የሚተካ ነገር ይረክሳል፤ የማይተካ ይወደዳል። የአማርኛው «ይወደዳል» ሁለቱንም መያዙ ደስ ይለኛል። ዋጋው ይጨምራል፤ ሰውም ይወደዋል።

ከቡና የተሻለ ምሳሌ አይመጣልኝም። በዓለም ገበያ ተራ የሚባለው ቡና ዋጋው የሚወሰነው ኒው ዮርክ ባለው የሸቀጥ ገበያ ነው። ከብራዚል ይምጣ ከሌላ አገር፣ ደረጃውን እስካሟላ ድረስ አንዱ በሌላው ይተካል። ብራዚል ብዙ ካመረተች ዋጋ ይወርዳል፤ ውርጭ ከመታት ይወጣል። ገበሬው ምንም ባላጠፋበት ይከስራል። «ይርጋጨፌ» የሚል ስም ያለው ቡና ግን ሌላ ነው። የአበባና የሎሚ ጠረኑን ፈልጎ የመጣ ገዢ በሌላ ቡና አይሸነገልም። ኢትዮጵያ በ2006 እና 2007 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር የተሟገተችው በዚህ ምክንያት ነው። ክርክሩ በ2007 በስምምነት አለቀ። የተያዘው ጉዳይ ፍሬው አልነበረም፣ ስሙ ነበር።

ከዚያ የመጣው ደግሞ ከጉዳያችን ጋር የበለጠ ይገጥማል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 ሥራ ሲጀምር፣ በእሱ በኩል የሚያልፈው ቡና በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ መጋዘን ውስጥ ይደባለቅ ጀመር። አሠራሩ ጥቅም ነበረው። ሻጩ ዋጋውን አውቆ ይሸጣል፣ ገንዘቡም በጊዜው ይደርሰዋል። የጠፋው ግን ቀላል አልነበረም። ይህ ቡና የማን እጅ ውጤት ነው? ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ ወጣ? ቀዩን የቡና ፍሬ አንድ በአንድ የለቀመውም፣ እንደነገሩ ያራገፈውም አንድ ጆንያ ውስጥ ተገናኙ። ጥሩ ከፋይ የሆኑት የውጭ ገዢዎች ቅሬታቸው ይኸው ነበር። በ2017 አሠራሩ ተሻሽሎ ቡናው ከየት እንደመጣ መከታተል የሚቻልበት መንገድ ተከፈተ።

ስልካችን ላይ ወደ ታች እየገፋን የምናየው ዝርዝር ያ መጋዘን ነው። ሁሉም ተደባልቆ፣ የመነሻ ስሙ ተፍቆ ይመጣል። «አንድ ቪዲዮ አየሁ» እንላለን እንጂ የማን እንደሆነ አናውቅም። ሥራው ልዩ ሲሆን ግን ሰው ወደ መነሻው ይሄዳል። ስሙን ይጠይቃል፣ ይፈልገዋል።

ፈላጊ የደረሰበት አንድ ካሴት

በ1981 ዋልያስ ባንድ ለሙዚቃ ጉዞ ወደ አሜሪካ ሄደ። የኪቦርድ ተጫዋቹ ጋሽ ኃይሉ መርጊያ ከተወሰኑ የባንዱ አባላት ጋር እዚያው ቀሩ። በ1985 ዋሽንግተን አካባቢ ባለ ትንሽ ስቱዲዮ ገብተው አንድ ካሴት ቀዱ። ዘፋኝ የለም፣ ባንድም የለም። የወጣትነታቸውን አኮርዲዮን አወጡ። በዚያን ጊዜ አኮርዲዮን ፋሽኑ ያለፈበት መሣሪያ ነበር። ከሥሩ የኤሌክትሪክ ከበሮና አዲሶቹን ሲንተሳይዘሮች አደረጉ። የቀድሞ ዘመን ትንፋሽ በማሽን ምት ላይ ሲሄድ አስቡት። ሁሉንም መሣሪያ የተጫወቱት ብቻቸውን ነው።

ካሴቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ተደመጠ፣ ከዚያ ጊዜ አለፈበት። ጋሽ ኃይሉ ታክሲ ነጂ ሆኑ። ሥራቸው በዋሽንግተኑ ደለስ አየር ማረፊያ ነበር። ተራ እስኪደርሳቸው ኪቦርዳቸውን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ያወጣሉ። ወንበሩ ላይ ያስቀምጡትና ይለማመዳሉ። ተሳፋሪ ሲመጣ ይመልሱታል። ይህ ለዓመታት ቀጠለ።

ከዚያ ብራያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ ያንን ካሴት አገኘ። አሮጌ ካሴት በየከተማው ሞልቷል። ይህን ሲያጫውተው ግን ከዚህ በፊት ከሰማው ከምንም ጋር አልመሳሰልህ አለው። ሠሪውን ፈልጎ ደወለላቸው። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታተመ። ጋሽ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 ደግሞ አዲስ አልበም አወጡ።

በ1985 ገበያ ላይ የሚሸጠውን ዓይነት ካሴት ሠርተው ቢሆን ኖሮ ያ ሰብሳቢ የሚያቆመው ምክንያት አልነበረውም። ክምሩ ውስጥ ቆም ያደረገው ያ አኮርዲዮን ነው።

ኢየሩሳሌም ባለው የኢትዮጵያ ገዳም የኖሩት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም እንዲሁ ናቸው። ፒያኗቸው ከ1967 ጀምሮ በሸክላ ነበረ። ዓለም በሰፊው የሰማው በ2006 እንደገና ሲታተም ነው። በ2023 በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ ሦስት ኖታ ሰምቶ «እሳቸው ናቸው» የሚል አድማጭ በየአህጉሩ ነበራቸው።

ሰው የማሽኑን ካልለየ ልዩነቱ ምን ዋጋ አለው?

ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ቁጥሩም ይደግፈዋል። ዲዘር የተባለው የፈረንሳይ የሙዚቃ መተግበሪያ በ2025 በስምንት አገሮች 9 ሺህ ሰዎች ላይ ጥናት አስጠንቶ ነበር። 97 በመቶው ሙሉ በሙሉ በማሽን የተሠራን ሙዚቃ ከሰው ሥራ መለየት አልቻሉም።

እዚያው ዲዘር ላይ ግን ሌላም ቁጥር አለ። በዚያው ዓመት ኅዳር አካባቢ በየቀኑ ከሚጫንለት አዲስ ሙዚቃ ሲሶው ያህል፣ 34 በመቶ፣ በማሽን የተሠራ ነበር። በቀን 50 ሺህ ያህል ዘፈን ማለት ነው። ከአጠቃላዩ መደመጥ ውስጥ የነዚህ ድርሻ ግን ግማሽ በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከዚያም ላይ ብዙው ሰው ሳይሆን ገንዘብ ለመሰብሰብ የተዘጋጀ የማጭበርበሪያ ፕሮግራም ያዳመጠው ሆኖ ተገኝቷል።

ሁለቱ ቁጥሮች አይጋጩም። ድንገት የሰማነውን አንድ ዘፈን ማን ሠራው ብንባል እንሳሳታለን። የሰው ሥራም ቢሆን ብዙው ከብዙው ይመሳሰላልና። ግን ሙዚቃን የምናዳምጠው እንደ ፈተና አይደለም። ወደ አንድ ድምፅ እንመለሳለን። የዚያን ሰው ቀጣይ ሥራ እንጠብቃለን። ለወዳጃችን «ይህን ስማ» ብለን እንልካለን። ጥሩ መምሰል ለአንድ ጊዜ ይበቃል። የሚመልሰን ሌላ ነው።

ልዩ ለመሆን ወግ መጣስ ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። እዚህ ላይ ብዙ ወጣት ሠሪዎች የሚሳሳቱ ይመስለኛል፤ እንግዳ መሆንን ከልዩ መሆን ጋር ያምታታሉ።

የቅኔ ቤትን ተመልከቱ። ከዚያ የጠበቀ ሕግ የት አለ? ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት ብቻ ነው። ምጣኔው የታወቀ ነው፣ ቋንቋው ግእዝ ነው። ተማሪው ዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ከዚያ ለመምህሩ ይናገራል፣ መምህሩ ያርሙታል። ነገር ግን በዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ምሥጢሩ አዲስ መሆን አለበት። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ መምጣት ነውር ነው። የራሱንም የትናንት ቅኔ ዛሬ ቢደግመው አያስከብረውም። በዓል በመጣ ቁጥር አዲስ። ወጉም ሕጉም የሁሉ ነው፤ ምሥጢሩ የአንድ ሰው ነው።

አዝማሪም ያው ነው። ዜማው ሁላችን የምናውቀው ነው። «ተቀበል!» ብሎ አንዱ ግጥም ሲጥልለት ግን፣ ከማሲንቆው ጋር ለዚያች ማታ፣ ለዚያ ቤት፣ ኮፍያ ደፍቶ ጥግ ለተቀመጠው ለዚያ ሰው የሚሆን መልስ ያመጣል። ቀድተው ነገ ቢያጫውቱት ግማሹ የለም።

ሕግ ልዩ ሥራን ይጠብቃል?

በከፊል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የራስ ፈጠራ የሆነን ሥራ፣ ለማስመዝገብ እንኳ ሳይጠበቅ፣ ይጠብቃል። በመርሕ ደረጃ ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለና ከዚያም በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ሐሳብንና አሠራርን ግን አይጠብቅም። የዶሮ ወጥ አሠራር የማንም ንብረት አይሆንም። የእናትየው ቪዲዮ ግን የሠሩት ሰዎች ነው። ወስዶ የራስ አስመስሎ መጫን መብት መጣስ ነው።

ልዩ የሆነ ሁሉ እንጀራ ያገኛል?

አያገኝም። ተቃራኒውን ማለት ሰውን ማታለል ይሆንብኛል። ጋሽ ኃይሉ 28 ዓመት ጠብቀዋል። ያ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ባይሄድስ? ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ አንድ ሺህ ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን አይከፍልም። ብርቅ ሥራ ደግሞ መጀመሪያ ላይ አድማጩ ጥቂት ነው። ዋጋ አለው ማለትና ተከፈለበት ማለት የተለያዩ ናቸው። መሐል ላይ የሚያገናኛቸው አግኝቶ ለሌላ የሚነግር ሰው ነው። አልጎሪዝሙ ያችን እናት አምስተኛ ላይ ነው ያስቀመጣቸው። ሌላ ቀን ሠላሳኛ ላይ ሊያደርጋቸው ይችላል።

እኔ ቪዲዮውን ዱባይ ላለችው እህቴ ላክሁላት፤ ከነቻናሉ ስም። ከሦስት ቀን በኋላ ማታ ደወለች። ሰላምታ እንኳ አላስጨረሰችኝም። ስልኳን ድስቱ አጠገብ ይዛ «እስቲ ስማው፣ ተለውጧል?» አለችኝ። ጆሮዬን ስልኩ ላይ አጣብቄ አዳመጥኩ። ገና ይጮኻል። «ትንሽ ቆዪ» አልኳት፣ ሁለታችንም ዝም ብለን ጠበቅን።